የአንድ ጥንድ ጫማ ጣጣ

መቼም ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ተቀምጦ ስለ ሩጫ ጫማ ይፈላሰፋል ቢባል የሚያምን የለም። እኔ ግን ካለፈው ነሐሴ ወዲህ ሌላ ነገር እምብዛም አላሰብኩም። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ጫማው አይደለም፤ ጫማው ሲታዘዝ የዋሸኋት ትንሽ ውሸት ናት። ውሸት ለመባል እንኳ የምትበቃ አልነበረችም። ይሁንና በእሷ ምክንያት የአንድ ሰው የእጅ አንጓ ተሰብሯል። ስለዚህ አንባቢ «ደግሞ ስለ ጫማ!» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ዋሽንግተን የሚኖር የእህት ልጅ አለኝ። ለፋሲካ ሊመጣ ሲሰናዳ ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ትሮጣለህ አሉ። የሩጫ ጫማ ላምጣልህ። ሻንጣዬ ግን ሞልቷል፤ ከአንድ ጥንድ በላይ አልችልም» አለኝ። እሱ ራሱ በየተራራውና በየጫካው የሚሮጥ ልጅ ስለሆነ ጫማ መምረጥን መድኃኒት እንደማዘዝ ይቆጥረዋል። ጥያቄውን አዥጎደጎደው። የምትሮጥበት መንገድ ምን ዓይነት ነው? አስፋልቱ ስንት እጁ ነው? ድንጋዩ ደረቅ ነው ወይስ ውሃ ያለበት? ቁልቁለቱን ትሮጠዋለህ ወይስ ትራመደዋለህ?

እውነተኛው መልስ ቀላል ነበር። ቤቴ ሽሮ ሜዳ ነው። ከቤቴ እወጣና አስፋልቱን ይዤ ሽቅብ እሄዳለሁ። ከዚያ ባሕር ዛፉ መሐል ገብቼ ቀዩን አፈር እይዛለሁ። አንድ ቦታ ላይ ውሃ የሚያቋርጠው ድንጋያማ ቁልቁለት አለ፤ እሱን ወርጄ ተመልሼ አስፋልቱ ላይ እወጣለሁ። አለቀ። እኔ ግን ምን አልኩት? «ድንጋይ ነው! ጭቃ ነው! ገደል ነው!»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ገንዘብ ስቆጥር አምስት ሳንቲም አልጎደለብኝም። በዚያች ሰዓት ግን የታየኝ እኔ አልነበርኩም። የታየኝ ከሦስት ሺሕ ሜትር በላይ፣ ጉም መሐል፣ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ እየዘለለ የሚወርድ፣ ሆዱ የገባ፣ ቅልጥሙ የጠና አንድ ጎልማሳ ነው። ጫማ ያዘዝኩት ለእሱ ነው። ደግነቱ ልኩ ከእኔ ጋር አንድ ነበር።

ጫማው መጣ። ሶሉ ላይ የተተከሉት የጎማ ጥርሶች 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ። ባለቤቴ ገልብጣ አየችና፣ «ይኼ ጫማ ነው ወይስ ማረሻ?» አለች። እኔ እንደ ልጅ ሳሎን ውስጥ ተመላለስኩበት።

እውነቱን ለመናገር፣ ጭቃ ላይ ወደር አልነበረውም። የሰኔ ዝናብ ቀዩን አፈር ሲያቦካው ጥርሶቹ ሰርስረው ይገባሉ፤ ተራርቀው ስለተተከሉም ጭቃው ሳይጣበቅባቸው ይረግፋል። አስፋልት ላይ ግን ጠጠር የረገጥኩ ያህል ይቆረቁረኛል፤ ጎማውም በየቀኑ ይበላል። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ረጅም ጥርስ ልሙጥ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚነካው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ክብደት ሲጫነውም ይታጠፋል። ዝርግ የሆነ ለስላሳ ጎማ በሙሉ ሰውነቱ ድንጋዩ ላይ ሲጣበቅ፣ ባለ ረጅም ጥርሱ በጥፍሩ እንደቆመ ሰው ይሆናል። ይህን ሁሉ የተማርኩት ታዲያ ከወደቅሁ በኋላ ነው።

አብረውኝ የሚሮጡ አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር አሉ። ዕድሜያቸው 67 ነው። ጫማቸው ከሰልባጅ ተራ የገዙት፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጥርሱም ለምልክት ያህል የቀረ ነው። ያን ዕለት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። ውሃ የሚያቋርጠው ድንጋይ ዘንድ ስንደርስ እሳቸው እንደ ልማዳቸው አዘገሙ፤ አንድ እግራቸውን አሳርፈው፣ ሞክረው፣ ከዚያ ሌላውን። እኔ ግን አላዘገምኩም። ለምን ላዘግም? ይኼን ሁሉ ጥርስ ተሸክሜ! ቁልቁል ስምዘገዘግ ድምፄን ሰምተው ዞር አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያዝኩት። ይዣቸው ወደቅሁ። እኔ ጉልበቴን ተላጥኩ። እሳቸው በእጃቸው ነው ያረፉት።

ከድንጋዩ ላይ ሳነሳቸው፣ «ድንጋዩ እርጥብ መሆኑን አላየህም እንዴ፣ አንተ ልጅ?» አሉኝ። «ጫማው እኮ...» ብዬ ጀመርኩና ዝም አልኩ። ራጅ ተነሡ፤ ጀሶ ተደረገላቸው። ወጌሻ ይሻላል ያለም ጎረቤት አልጠፋም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማነው? ከጀሶው በኋላ ይህ ጥያቄ አላስተኛኝም። ጫማው መጥፎ አይደለም፤ ለተባለለት መንገድ ትክክለኛው ጫማ ነው። የእህቴ ልጅም ጠይቆ፣ የተነገረውን ሰምቶ፣ በተነገረው መሠረት ነው የገዛው። ጫማው የተመረጠው ለሌለ ሰውና ለሌለ መንገድ ነው። ጣጣው የመጣው ያለው ሰው ተጫምቶት ባለው መንገድ ላይ ሲሮጥ ነው።

ይህ በጫማ ብቻ የሚቀር ድክመት አይመስለኝም። ዕቃ ስንመርጥ ብዙውን ጊዜ የምንመርጠው የምንሠራበትን አይደለም፤ ልንሆነው የምንመኘው ሰው ይዞት ቢታይ የሚያምርበትን ነው። መደርደሪያው ላይ ሳይገለጥ አቧራ የለበሰ ወፍራም መጽሐፍ የሌለው ሰው ካለ እሱ ይፍረደኝ። ልዩነቱ መጽሐፉ ባይነበብ ማንንም አይጥልም።

የእህቴ ልጅ የመውደቄን ነገር ሲሰማ አልተቆጣም። «ለአንተ የሚሆነው ሁለገቡ ነበር» አለኝ ብቻ። ሁለገብ የሚለው አስፋልቱንም አፈሩንም ድንጋዩንም የሚችለውን፣ ጥርሱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ነው። ቃሉ በመጀመሪያ አልጣመኝም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባል ነው ያደግነው። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧትም እንላለን። ደግሞስ ለሁሉ የሚሆን ሰው የምንለው ማንን ነው? በሦስት መንግሥት ሦስት ዓይነት ካባ የደረበውን፣ ለለቅሶውም ለሠርጉም ያው ፈገግታ ያለውን አይደለም? ለሁሉ የሚሆን ጫማስ ከእሱ በምን ይለያል?

ቆይቼ ሳስበው ግን በአንድ ነገር ይለያል። ያ ሰው መሬቱ ወዳዘነበለበት አብሮ ያዘነብላል። ሁለገቡ ሶል ደግሞ መሬቱ በተለዋወጠ ቁጥር ያንኑ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ይይዛል። አስፋልት ላይም መያዝ ነው፤ ድንጋይ ላይም መያዝ ነው። ሰውዬውን ሁለገብ እያልን ስንጠራው የኖርነው ሌላ ስም አጥተንለት ይሆናል።

የዚህ ዓይነቱ ሶል አነሣሥ ራሱ የቀልድ ታሪክ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በጣልያን አልፕስ ተራራ ላይ ስድስት ተራራ ወጪዎች ሞቱ። የዚያን ጊዜ ተራራ ወጪዎች ሁለት ዓይነት ጫማ ነበር የሚይዙት። እስከ ቋጥኙ ድረስ የሚያደርሳቸው ሚስማር የተመታበት ከባድ ቦት ሲሆን፣ ቋጥኙን የሚወጡበት ደግሞ ሶሉ ስስ የሆነ ቀላል ጫማ ነው። ቀላሉን ተጫምቶ ቋጥኝ ላይ ሳለ በረዶና ቁር የደረሰበት ሰው እግሩን የሚያድንበት ነገር አልነበረውም። ለስድስቱ ሞት ከፊል ምክንያቱ የጫማቸው አለመብቃት እንደነበር ተነገረ። ወዳጆቹ የነበሩት ቪታሌ ብራማኒ የሚባል የተራራ መሪ ከዚያ ወዲህ አንድ አሳብ ያዘው፤ አፈሩንም ቋጥኙንም በረዶውንም የሚይዝ አንድ ሶል። ፒሬሊ የሚባለው የጎማ ፋብሪካ ቤተሰብ ገንዘብ አውጥቶለት በ1937 የጎማ ሶሉን አወጣ። የጥርሱ አደራደር የታንክ ሰንሰለት ስለሚመስል በጣልያንኛ ስሙም ከዚያው ተወሰደ። ዛሬ በየጫማው ተረከዝ ሥር «ቪብራም» የሚለው ጽሑፍ የእሱ ስምና የአባቱ ስም መነሻ ፊደላት ነው።

ከዚህ ታሪክ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሁለገብ ጫማ ወዴት እንደሚሄድ ላላወቀ ሰው የተሠራ አለመሆኑን ነው። የተሠራው መንገዱ መሐል ላይ ቢለወጥበትም ቤቱ መመለስ ላለበት ሰው ነው። ለአንድ መንገድ ብቻ የተሠራ ጫማ፣ መንገዱ እስከ መጨረሻው ያው ነው የሚል ውል ይዟል። ውሉ ሲከበር ያምራል። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ የማራቶንን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ስትሰብር የተጫማችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ ነበር የሚመዝነው። ዋጋው 500 ዶላር ሆኖ፣ ሠሪው ራሱ ለአንድ ማራቶን የሚሆን ነው ብሎ ነው ያወጣው። በርሊን ዝርግ ናት፤ አስፋልቷም እስከ መጨረሻው አስፋልት ነው። ያን ጫማ ተጫምቶ እኛ ውሃ ወዳለበት ድንጋይ መውረድ ግን እብደት ነው።

አበበ ቢቂላንም በዚህ መካከል አለማንሣት አይቻልም፤ ጫማ በተነሣ ቁጥር የሚያነሡት አሉና። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ከዚህ ተነሥቶ «ዋናው ልብ ነው፣ ጫማ ምን ያደርጋል!» የሚል ሰው ሞልቷል። ነገር ግን አበበ ጫማን ንቆ አልነበረም። የቀረበለት ጫማ ለእግሩ አልተስማማውም፤ በባዶ እግሩ መሮጥን ደግሞ ልምምድ ላይ ለምዶት ነበር። ስለዚህ ከማይስማማው ጫማ የሚያውቀውን እግሩን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጭ ካልሲና ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው አንዱ ሌላውን አይቃረንም። ሁለቱም ጊዜ እግሩንና መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው የመረጠው።

በረባሶንም የሚንቅ ካለ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ ሌድቪል ላይ የሆነውን ልንገረው። መቶ ማይል፣ እሱም ከተራራ ተራራ፣ የተሮጠውን ውድድር ያሸነፈው ቪክቶሪያኖ ቹሮ የሚባል የ55 ዓመት ሰው ነበር። ከሜክሲኮ ገደላ ገደል የመጣ የታራሁማራ ሰው ነው። እግሩ ሥር የነበረው ከመኪና ጎማ ተቆርጦ በጠፍር የታሰረ ነጠላ ጫማ ነው። ጥርስ የለ፣ ስፖንጅ የለ። የጎደለውን እግሩ ነበር የሚሞላው፤ እግሩ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ድንጋይ ያነበበ ነው። የእኔ እግር ያነበበው የቢሮ ምንጣፍ ነው።

እንግዲህ መካከለኛውን መምረጥ ነው ካልን፣ መካከለኛው የቱ ነው? የእኛ ሊቃውንት አርስጣጣሊስ የሚሉት አሪስቶትል ለዚህ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለው። ለአንድ ሰው አሥር ምናን ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ምናን ደግሞ ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ተነሥቶ ስድስት ምናን አያዝለትም ይላል። ስድስት ለታጋዩ ለሚሎ ትንሽ ነው፤ ትግል ገና ለጀመረው ብዙ ነው። በቁጥር መካከል ያለው ሌላ፣ ለእኛ መካከለኛ የሆነው ሌላ። ይህን ሳነብ የሒሳብ ሠራተኛነቴ ደነገጠ። የእህቴ ልጅ 4 ሚሊ ሜትር ሲለኝ፣ ልቤ «የ2 እና የ6 አማካይ» ብሎ አልፎት ነበርና።

ቁጥሩን ለማወቅ ስል አንድ ቀን ጠዋት ሰዓት ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። መንገዴ በጠቅላላው 62 ደቂቃ ፈጀ። አስፋልቱ 24 ደቂቃ፤ ቀዩ አፈር 29 ደቂቃ፤ ድንጋዩ 9 ደቂቃ። ይህ ነው እንግዲህ «ድንጋይ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ገደል ነው» ያልኩት። ቀድሞ ለሠራሁት ኃጢአት ካሣ ልክፈል ብዬ ለብዙው ጊዜ ድምፅ ብሰጥ ኖሮ፣ የምመርጠው ለአስፋልትና ለአፈር የሚሆን ለስላሳ ጫማ ነበር። እሱም ሌላ ስሕተት ነው። 24ቱ ደቂቃ ላይ ጫማው ባይመቸኝ እግሬን ይቆረቁረኛል፤ ያ የእኔ ጉዳይ ነው። 29ኙ ላይ ባይይዝ አንሸራትቶ ጭቃ ላይ ያስቀምጠኛል፤ ልብሴ ይታጠባል። 9ኙ ደቂቃ ላይ ባይይዝ ግን የሚሰበረው ሰው ነው፤ ያውም ሁልጊዜ እኔ ላልሆን እችላለሁ። ስለዚህ ጫማው የሚመረጠው ለዘጠኙ ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ደግሞ እንዲያስችለኝ እንጂ እንዲያስደስተኝ አልጠይቀውም። ሒሳብ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሚዛን ባቀርብ አለቃዬ ይስቅብኝ ነበር።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የጫማው ነገር ሁሉ መልኩ ይለወጣል። ለስላሳ ጎማ እርጥብ ድንጋይ ይይዛል፤ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ይለቅ፤ ገንዘብ ነው። ወፍራም ስፖንጅ ቁልቁለት ላይ ጉልበትን ያሳርፋል፤ ነገር ግን እግርን ከመሬት ከፍ ስለሚያደርገው ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል፤ መሬቱንም ያደነቁረዋል። ስለዚህ ጉልበቴ ትንሽ ይመመኝ። ውሃ የማያስገባ ሽፋን የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ነገር ግን ክረምት ላይ ውሃው ከላይ በቁርጭምጭሚት በኩል አንዴ ከገባ መውጫ የለውም። ይቅር፤ እግሬ ይረስና ይድረቅ። ተረከዝ ጠበቅ፣ የጣቶቹ ቦታ ሰፋ ይበል፤ ያለዚያ ቁልቁለት ላይ የእግር አውራ ጣት ጥፍር መጥቆሩ አይቀርም። ይህን ያህሉን ለመሥዋዕት አላቀርበውም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለእህቴ ልጅ ላክሁለት። ከነደቂቃው። ድንጋዩ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብ መሆኑን፣ ቁልቁለቱን ከእንግዲህ እንደምራመደው፣ ዕድሜዬንና ክብደቴንም ጭምር። ክብደቴን ስጽፍ እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። የቆየው ጫማ አሁን ማጀት ውስጥ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ለጭቃው ብቻ አወጣዋለሁ።

መምህሩ ጀሶው ከተፈታላቸው ሰነበተ። ወደ ሩጫቸውም ተመልሰዋል። ያው የሰልባጅ ጫማ ነው። ልካቸውን ጠይቄ ለእሳቸውም ላስመጣ ብል፣ «ድንጋዩን አይተህ ብትረግጥ ይበቃኛል» ብለው ተቆጡኝ። ብቻ ቀኝ እጃቸው ገና አልጠናምና ክር ማጥበቅ አይችሉም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከበራቸው ስንገናኝ ተንበርክኬ የማስርላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ግራ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ወደ እንጦጦ እያዩ ሌሊቱን ዘንቦ እንደሆነና እንዳልሆነ ይነግሩኛል።